ያገለገለ ሞላ ከተገጠመ በኋላ የመጣ መንቋቋት፦ የአንድ ኮሮላ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

መኪናው እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ነው። ባለቤቱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። በስልክ ጥሪ ተሳፋሪ እየጫነ በቱሉ ዲምቱ፣ በቃሊቲና በሳሪስ በኩል ወደ መሀል ከተማ ይመላለሳል። የፊት ቀኙ ሞላ ታችኛው ዙር ላይ ተሰበረ። ሞላ በጥንድ ነው የሚቀየረውና ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ «ጥንድ ነው፣ ከአንድ መኪና የወረደ» የተባለለትን ያገለገለ የፊት ሞላ ገዛ። እዚያው ሰፈር ያለ ጋራዥ ገጠመለት። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ይንቋቋ ነበር።

ጉዳዩን መዝግቦ ለማስቀመጥ ያበቃው፣ ባለቤቱም ጋራዡም አንድ ድምፅ ብለው የያዙት ነገር ሦስት ምንጭ ያለው ሆኖ መገኘቱ ነው። ሦስቱም ሞላው ሲቀየር ከተነካው ቦታ አልወጡም። ገንዘቡ ግን አስቀድሞ ሌላ ቦታ ላይ ወጥቷል።

የፊቱ ሰስፔንሽን አሠራር

በዚህ መኪና ፊት ላይ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ላይ ነው የሚቆሙት። ሞላው ታች ሾኩ ላይ በተበየደ መቀመጫ፣ ላይ ደግሞ ከኮፈኑ ስር ከሚታየው ማያዣ በታች ባለ መቀመጫ መሀል ተጨምቆ ይቀመጣል። መሪ ሲዞር ሾኩም ሞላውም አብረው ይዞራሉ፤ የመኪናው አካል ግን ባለበት ነው። ይህን መዞር የሚያስችለው ላይ ያለው ትንሽ ኩሽኔታ ነው። የታችኛው መቀመጫ ላይ የሞላው ጫፍ ተደግፎ የሚቆምበት እርከን አለ። ብረት ከብረት እንዳይነካካም በሞላውና በመቀመጫው መሀል ጎማ ይገባል። ስታብላይዘር ባር የሚባለው ዘንግ ደግሞ በግራና በቀኝ ሊንክ በሚባል አጭር ዘንግ አማካይነት ከሾኩ ጋር ይያያዛል።

ሞላ ለመቀየር ይህ ሁሉ ይፈታል፤ ሊንኩ ከሾኩ ይላቀቃል፣ የፍሬን ቱቦው ማያዣ ይነሳል፣ ሾኩን ከጎማ መያዣው ብረት ጋር የሚያያይዙት ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ይወጣሉ፣ የላይኛው ማያዣ ዳዶዎች ይፈታሉ። የድምፁ ተጠርጣሪዎች እነዚህ ናቸው።

ድምፁ መቼ ይሰማ ነበር

ባለቤቱ መጀመሪያ ያለው «ከፊት ኳ ኳ ይላል» ብቻ ነበር። ለምርመራ ይህ አይበቃም። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ ሁለተኛ መካኒክ ባለቤቱን ጎኑ አስቀምጦ ከኮንዶሚኒየሙ ኮብልስቶን እስከ ዋናው አስፋልት ድረስ ነዳው። ሬዲዮ ተዘግቶ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው ክሪክና ትርፍ ጎማ ወርዶ ነው የተነዳው። ክሪክና መፍቻ ስንቱን ሰው እንዳሳሳቱ የጋራዥ ሰው ያውቃል።

መኪናው ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ በግራ በኩል ጎርርር ይልና «ድንግ» ብሎ ይለቃል። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄድ ፈጣንና ቀጭን ቋቋቋቋ ይሰማል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ይህ የለም። ብሬከር ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል ወጥተው ሲወርዱ ደግሞ ከቀኝ አንድ ደረቅ «ኳ» ይመጣል። በዚህ ላይ መኪናው ከፊት ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይቆማል።

የኮብልስቶኑና የብሬከሩ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ ስታብላይዘር ባሩ አብሮ ይዞራል እንጂ አይጠመዘዝም፤ ሊንኩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ትንሽ ነው። ኮብልስቶን ላይ ግን አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል፤ ባሩ ይጠመዘዛል፣ ሊንኩም በየድንጋዩ ይሳባል ይገፋል። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ የሚንቋቋ፣ እኩል በተወጣ ብሬከር ላይ ግን ዝም የሚል ድምፅ ቀድሞ የሚያስጠረጥረው ሊንክን ነው። ብሬከር ላይ ብቻ የሚመጣው ከሞላው፣ ከሾኩና ከላይኛው ማያዣ ይፈለጋል።

ቀድሞ የተሞከረውና ያልሠራው

የመጀመሪያው ጋራዥ ሁሉንም ድምፅ «ታች ነው» በሚል ያዘው። ጎማውን ከታች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ብራቾ የሚባለው ክንድ ጎሚኒዎች (የጎማ ቀለበቶች) ላይ ግራሶ ቀባ፤ ድምፁ አልተለወጠም። የቀኙን ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማ መያዣው ብረት ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ) ቀየረ፤ አልተለወጠም። ከዚያ ሁለቱንም ሊንክ በአዲስ ተካ። ኮብልስቶኑ ላይ ያለው ቋቋታ ለጥቂት ቀን ቀለል ብሎ ተመለሰ። ሊንኩ አዲስ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ወደ እሱ አልተመለሰም።

መኪናው ወደ ቀኝ በማዘንበሉም በቀኙ ሞላ ዙሮች መሀል የጎማ ቁራጭ ገባ። ከተማችን ውስጥ መኪና ከፍ ለማድረግ የተለመደ ዘዴ ነው። ችግሩ ጎማው የያዛቸው ዙሮች መሥራት ማቆማቸው ነው። ሥራው ለቀሩት ዙሮች ብቻ ይተርፋል፤ ሞላው ይደርቃል፣ የቀሩት ዙሮችም ከታሰቡበት በላይ ይጠመዘዛሉ። ዘንበል ያለው መኪና በርግጥ ቀና አለ። የብሬከሩ «ኳ» ግን ብሶ ቀጠለ፤ መኪናው ለምን እንዳዘነበለም ሳይታወቅ ተሸፈነ።

ሳይፈታ የተደረገ ምርመራ

መጀመሪያ የጎማ ቁራጩ ወጣ። መኪናው ሜዳ መሬት ላይ ቆሞ፣ ፊቱ ብዙ ጊዜ ተጫን ለቀቅ ተደርጎ ሞላው ወደ ተፈጥሮ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ተለካ። ከመሬት ያልተለካው የጎማ ንፋስና የጎማ መበላት ልኬቱን እንዳያሳስት ነው። ግራው ከቀኙ 11 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ። ከኋላ ግራና ቀኙ እኩል ናቸው።

ቀጥሎ ነጭ ቾክ መጣ። በእያንዳንዱ ጎን ከላይኛው መቀመጫ ጀምሮ በሞላው ዙሮች ላይ አልፎ እስከ ታችኛው መቀመጫ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰመረ። አንድ ሰው ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ሲያዞር መካኒኩ እጁን ሞላው ላይ አሳረፈ፤ ጣት በዙሮች መሀል አይገባም፣ መዳፍ ከውጭ ነው የሚያርፈው። በቀኝ በኩል መስመሩ ሳይሰበር ከሾኩ ጋር ዞረ። በግራ በኩል የላይኛው መቀመጫ አልዞረም። ሞላው እንደ መጠምዘዝ እያለ ቆየና መዳፍ ላይ በሚሰማ ምት ዘለለ። ታች ሲታይ የቾኩ መስመር ተቆርጧል፤ ሞላው ላይ ያለው ምልክት መቀመጫው ላይ ካለው ሁለት ጣት ያህል ርቆ ቆሟል። «ድንግ» የሚለው ይህ ነው። ላይ ያለው ኩሽኔታ ስለተያዘ ሞላው ታች መቀመጫው ላይ እየተንሸራተተ ነበር።

ለሦስተኛው ፈተና ሁለቱም ሊንኮች ከሾኩ ተላቀው፣ ከምንም ጋር እንዳይነካኩ ከባሩ ጋር በገመድ ታሰሩ። መኪናው በዝግታ፣ ግቢ ውስጥ ባለ ኮብልስቶንና ብሬከር ላይ ብቻ ተነዳ። ባሩ ሥራ ላይ ሳይሆን መኪናው መታጠፊያ ላይ በጣም ስለሚያዘነብል በዚህ ሁኔታ አስፋልት አይወጣም። ቋቋታው ጠፋ። ብሬከሩ ላይ ያለው «ኳ» እንዳለ ነው።

ሊንኮቹ ሲመለሱ የግራው ታሪክ ግልጽ ሆነ። የሊንኩ ጫፍ ቦል ስለሆነ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑ አብሮ ይሽከረከራል። የሚያጠብቀው ሰው እጅ ላይ ደህና የጠበቀ ይመስላል፤ ዳዶው ግን ክሩ ላይ አልሄደም። የቡሎኑ ጫፍ ላይ ባለው ቀዳዳ አለን ቁልፍ አስገብቶ ቡሎኑን ይዞ ነው ዳዶው የሚጠብቀው። መጀመሪያ ሞላው ሲቀየርም፣ በኋላ ሊንኩ በአዲስ ሲተካም ያለ አለን ቁልፍ ስለታሰረ ያው ስህተት አዲሱ ዕቃ ላይ ተደገመ።

ከመፍታት በፊት የተደረገው የመጨረሻው ነገር የሾኩን የመሀል ዳዶ መፈተሽ ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ የማያዣው ክዳን ተነስቶ፣ ጣት ዳዶው ላይ ሆኖ መኪናው ተጫነ ተለቀቀ። የላላ ቢሆን ጣት ላይ ይመታል። በሁለቱም በኩል ምንም የለም። ስለዚህ የቀኙ «ኳ» የሚፈለገው ከዚያ በታች ነው።

ሲፈታ የተገኘው

የቀኙ ሞላ ሲወጣ ማስረጃው እላዩ ላይ ነበር። ሻጩ ሞላዎቹን ለማሳመር ጥቁር ቀለም ቀብቷቸዋል። ታችኛው ዙር ከመቀመጫው ጋር፣ የመጀመሪያው የሚሠራ ዙርም ከታችኛው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ እንደ ሳንቲም ያበራል። ሌላው ዙር ሁሉ ጥቁር ነው። በታችኛው መቀመጫና በሞላው መሀል መግባት ያለበት ጎማ የለም። የድሮው ሞላ ሲሰበር ጎማው ተቀዶ ወድቋል፤ ያገለገለው ሞላ ደግሞ ራቁቱን ነው የተሸጠው። ብሬከር ላይ ሞላው ተዘርግቶ ሲመለስ ብረት ብረትን ይመታ ነበር።

በግራ በኩል የሞላው ጫፍ ከእርከኑ ርቆ ቆሟል። የላይኛው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር አሸዋ እንደገባበት ይንቀራጨጫል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ይቆማል። ውስጡ ዝጎ አቧራ ጠጥቷል። ኩሽኔታው የተበላሸው በሞላ ቅየራው አይደለም፤ ከዚያ በፊት በእርከኑ በደንብ የተደገፈው የድሮ ሞላ ችግሩን ይዞት ቆይቷል። በኋላ የተገዛው ሞላ ያለ ድጋፍ ሲቀመጥ ችግሩ ወጣ።

ከዚያ ሞላዎቹ ተለኩ። ቀለሙ በሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ የሽቦው ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ ቀኙ 12.0፣ ግራው 12.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። የዙራቸው ቁጥርና የውጭ ስፋታቸው እኩል ነው። ሳይጨመቁ ቁመታቸው ቀኙ 348፣ ግራው 340 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙ ሞላ ያለበት ጎን ዝቅ ብሎ፣ አጭሩ ያለበት ከፍ ብሎ የቆመው ታዲያ ለምንድን ነው?

መልሱ ውፍረቱ ላይ ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር በአራተኛ ኃይል ያድጋል። 12.6 ከ12.0 የሚበልጠው 5 በመቶ ብቻ ነው፤ 1.05 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ግን 1.22 ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር ግራው በ22 በመቶ ያህል ይደርቃል። ያው ክብደት ሲያርፍበት ያነሰ ይጨመቃል፣ የ8 ሚሊ ሜትሩን አጭርነት አካክሶ ያልፋል። ሁለቱ ከአንድ መኪና አልወረዱም። ፋብሪካው እንደ ሞተሩ ክብደትና እንደ መኪናው ዓይነት የተለያየ ሞላ ይገጥማል፤ የሚለያቸውም ዙሮቹ ላይ የሚሰመር የቀለም ምልክት ነው። የሻጩ ጥቁር ቀለም መጀመሪያ ያጠፋው ይህንን ምልክት ነው።

ቀለሙ ሌላም ደብቋል። የቀኙ ሞላ ታችኛው ዙር ላይ ዝገት የበላቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ተገኙ፤ ጥፍር ሲጎተትባቸው ይይዛሉ። ሞላ የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ጉድጓድ በሚጀምር ስንጥቅ ነው፤ የባለቤቱ የመጀመሪያ ሞላ የተሰበረውም እዚያው ዙር ላይ ነበር።

ጥገናው

አንድ አማራጭ ተሞክሮ ተትቷል። የመኪናው የራሱ የግራ ሞላ የመጀመሪያው ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሽቦው 12.0 ስለሆነ ከተገዛው ቀኝ ጋር ይጣመራል፤ ሲገጠምም የከፍታው ልዩነት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ወረደ። ጉድጓድ የያዘውን ሞላ ይዞ ሰው መጫን ግን ተገቢ ስላልሆነ ለሙከራ ብቻ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ የተገጠመው ለዚሁ ሞዴል የተሠራ አዲስ የፊት ሞላ በጥንድ፣ ሁለት የላይ ኩሽኔታና በሞላውና በመቀመጫው መሀል የሚገቡ አራት የላይና የታች ጎማ ነው። ለቦል ጆይንት፣ ለሊንክና ለሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ የወጣው ገንዘብ ቀድሞ ለዚህ ቢውል ከአዲሱ ሞላ ዋጋ አብዛኛውን ይሸፍን ነበር።

አገጣጠሙ ላይ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው መጭመቁ ነው። የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል። ሁለቱ መጭመቂያዎች በሞላው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይያዛሉ፣ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እየተባለ በእጅ ይጠብቃሉ። በአየር መፍቻ አይነኩም። በገመድ ወይም በሽቦ አስሮ መፍታት መንገድ ዳር ቢታይም ሊደረግ አይገባም። የመሀል ዳዶው የሚፈታው ሞላው ከሁለቱም መቀመጫዎች መላላቱ በእጅ ሲታወቅ ብቻ ነው።

የሞላው ጫፍ እርከኑን ነክቶ እንዲቆም ተደርጎ ተለቀቀ፤ ሲለቀቅ ሊዞር ስለሚችል ከተለቀቀ በኋላ እንደገና ታየ። ዳዶዎቹ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ታሰሩ፦ የሾኩ የመሀል ዳዶ 47፣ የላይኛው ማያዣ ሦስቱ ዳዶዎች እያንዳንዳቸው 39፣ ሾኩን ከታች የሚይዙት ሁለቱ 153፣ ሊንኩ 74፣ የጎማ ዳዶዎች 103 ኒውተን ሜትር። የታችኞቹ ሁለት ቡሎኖች ሲላሉ የጎማው አቋቋም ስለሚለወጥ መኪናው ከዚያው አላይመንት ገባ።

ውጤቱ

ሦስቱም ድምፆች ጠፉ። መሪው ከበፊቱ በቀለለ ሁኔታ ወደ መሀል ይመለሳል፤ የተያዘ ኩሽኔታ ይህንንም ያበላሻል። የከፍታው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሶ ዳዶዎቹ ሲፈተሹ የላላ አልተገኘም።

ያልተመለሰው የፊት ጎማዎቹ ሁኔታ ነው። ከመጀመሪያው የሞላ ቅየራ በኋላ አላይመንት ሳይሠራ ስለተነዳ ጎማዎቹ በውስጥ በኩል ተበልተዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ኡኡ የሚል ድምፅ ያሰማሉ። አላይመንት የተበላ ጎማ አይመልስም። ጎማ እስኪቀየር ድምፁ አብሮ ይኖራል፤ ይህ ለባለቤቱ አስቀድሞ ስለተነገረው «የጎማ ኩሽኔታ ነው» በሚል ፍለጋ አልተጀመረም።

ለሌላ መኪና የሚያገለግለው

ከሥራ በኋላ ወዲያው የመጣ ድምፅ መጀመሪያ የሚፈለገው ከተፈታው ውስጥ ነው። ቦል ጆይንት ሞላ ሲቀየር አይነካም፤ ስለዚህ ከተራው በፊት መገዛት አልነበረበትም። አዲስ ዕቃ መሆኑም በትክክል መታሰሩን አያሳይም።

ከአንድ በላይ ድምፅ ካለ አንዱን ብቻ የሚነካ ፈተና ይመረጣል። ሊንክ መላቀቅ፣ ቾክ ማስመር፣ ዳዶ ላይ ጣት ማሳረፍ ምንም ወጪ የላቸውም። ሁለት ዕቃ በአንድ ጊዜ መቀየር ግን ድምፁ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንደሆነ አያሳውቅም። መኪና ሲያዘነብልም ጎማ ከማስገባት በፊት መለካት ይሻላል።

ያገለገለ ሞላ በጭፍን መጥላት ተገቢ አይደለም፤ ተለክቶ የተገዛ ብዙ ያገለግላል። ሶማሌ ተራ ሲኬድ ግን ሁለቱን ወለል ላይ አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ማየት ብቻ አይበቃም፤ እዚህ የነበረውን የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ዐይን አልያዘውም፣ ይዞትም ቢሆን የተሳሳተውን ሞላ ደካማ ያስመስለዋል። ካሊፐር ይያዛል፤ የሽቦው ውፍረት ቀለም በተጠረገ ቦታ ላይ በሁለቱም እኩል ጎን ይለካል፣ ዙሩ ይቆጠራል፣ የታችኛው ዙር በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ በጥፍር ይዳሰሳል። የድሮውን ሞላ ይዞ መሄድም ይረዳል። ተሰብሮ እንኳ ቢሆን ሽቦው ይለካል፣ ቁርጥራጩ ካልጠፋም ዙሩ ይቆጠራል፤ የቀለም ምልክቱ ከጭቃው ስር ካለ በነጭ ጋዝና በጨርቅ ይወጣል።